ሞተር የሚነሣበት ሰዓት

በሸራ ጀልባ ረጅም ጉዞ የሚጀምር ሰው ሁሉ የሚያነሣት ጥያቄ አለች፤ ፍጥነቴ ስንት ኖት ሲወርድ ነው ሞተር የማስነሣው? ብዙዎች “ከ4 በታች” ብለው ይገላገሏታል። ቁጥሩ ለመያዝ ይቀላል፤ ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን ግን አይጠይቅም። ከባብ ኤል መንደብ ወደ ስዊዝ የሚወጣ መርከበኛ ይህን ሳይወድ ይማራል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ በደቡባዊው ቀይ ባሕር የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ከኋላ ይገፋል፤ ምጽዋን አልፈው ወደ ፖርት ሱዳን ሲጠጉ ይዞራል። ከዚያ በላይ ዓመቱን ሙሉ የሚያይለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ነው፤ ያውም ፊት ለፊት።

አብዛኛው ሰው ሸራውን ጠቅልሎ ሞተር የሚያስነሣው ነፋሱ ፊት ለፊት ሲበረታ ነው። በእኔ አመለካከት ይህ የተገለበጠ አሠራር ነው። የቀይ ባሕር ማዕበል አጭርና ገደላማ ስለሆነ ጀልባዋ በየማዕበሉ እየተመታች ትቆማለች፤ የጠፋውን ፍጥነት ለመመለስ ናፍጣ ይነድዳል። በተረጋጋ ውኃ እንኳ ከ5 ወደ 6 ኖት ለመውጣት 70 ከመቶ ገደማ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። ከዚህ የሚብሰው ግን መናወጡ ነው፤ በነዳጅ መያዣው ሥር የተኛውን ዝቃጭ አንሥቶ ፊልትሮውን ይደፍናል። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ የሚጠፋው ሸራው በተጠቀለለበት፣ የኮራሉ ዐለትም በቀረበበት ሰዓት ነው። በባሕር ዳርቻው አቅራቢያ ነፋሱ ሌሊትና ከንጋት በፊት ይላላል፤ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ሞተር መነሣት ያለበት በላላው ሰዓት ነው፤ ሲበረታ ወይ በሸራ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ መውጣት፣ አለዚያም የሱዳንና የግብፅ ዳርቻ ከታደላቸው ማርሳዎች (ከማዕበል የተጠለሉ የባሕር ሰርጦች) በአንዱ መልሕቅ ጥሎ መጠበቅ ነው።

“ሸራ የሚወድ ሰው ጸጥ ያለውን ንጋት በሞተር ጩኸት ለምን ያበላሻል?” የሚሉ አሉ። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ቢሆን እስማማ ነበር፤ እዚህ ግን በንጋት ያልተገኘ ማይል ከሰዓት በኋላ በእጥፍ ዋጋ ይገዛል። ዋናውን ሸራ ዘርግቶ፣ ከነፋሱ ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ማገዝን አልቃወምም። ብቻ በ1972ቱ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ እንዲህ ያለች ጀልባ የሸራ መብቷ ቀርቶ እንደ ሞተር ጀልባ ትቆጠራለች፤ ቀን ላይ ጫፉ ወደ ታች የዞረ ሾጣጣ ምልክት መስቀልም አለባት። (የሚሰቅለው ጥቂት ነው።)

ደግሞም በስዊዝ ቦይ ውስጥ በሸራ መጓዝ አይፈቀድም፤ ሞተሩን እዚያ ድረስ በጤና ማድረስ ግድ ነው።