ቁመት እንደ ጊዜ፦ የአርኬድ ጌሞች በተዞረ ሞኒተር ላይ

የአርኬድ ጌሞች፣ ማለትም በሕዝብ መዝናኛ ስፍራዎች ቆመው ሳንቲም እየጎረሱ የሚሠሩ የቪዲዮ ጌም ማሽኖች፣ ለቤት ከተሠሩት ጌሞች ከሚለዩባቸው ነገሮች አንዱ፣ ብዙዎቹ ቁመቱ ከወርዱ ለሚበልጥ ስክሪን የተነደፉ መሆናቸው ነው። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ለጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ምስሉ 224 ፒክስል (ምስል የሚገነባበት ጥቃቅን ነጥብ) ወርድና 256 ፒክስል ቁመት ነበረው፤ ይህን ገጽ ለማስገኘት ግን ልዩ ስክሪን አላስፈለገም፣ እንደ ቴሌቪዥን ወርዱ የሚበልጥ የካቶድ ጨረር ቱቦ በጎኑ ተደርጎ በሣጥኑ ውስጥ ተገጠመ እንጂ። ስለዚህ ዛሬ የኮምፒውተር ሞኒተርን ዘጠና ዲግሪ አዙሮ እነዚህን ጌሞች መጫወት፣ በጃፓንኛ ቃል «ታቴ» የሚባለው ልማድ፣ ማሽኑ መጀመሪያ ሲሠራ የተደረገውን መልሶ ማድረግ ነው።

ቁመቱ ለምን እንዳስፈለገ በተለይ በተኩስ ጌሞች ላይ ጎልቶ ይታያል። በ«ጋላክሲያን» (1979)፣ በ«ጋላጋ» (1981) እና በ«ዜቪየስ» (1982) ጠላት ከላይ ሲመጣ የተጫዋቹ መርከብ ከታች ትጠብቃለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ተጫዋቹ አይቶ፣ መዝኖ፣ ለመሸሽ ወይም ለመተኮስ የሚወስንበት ጊዜ ሲሆን፣ ጠባቡ ወርድ ደግሞ መሸሻውን ይገድባል። ኬቭ የተባለው ኩባንያ ሠርቶት በ1997 የወጣው «ዶዶንፓቺ» ይህን ዝምድና እስከ ጥጉ ያደረሰ ሥራ ነው፤ 240 በ320 ፒክስል በሆነው ገጹ ላይ ጥይት እንደ ዶፍ ሲወርድ፣ ከመርከቧ አካል ተመትቶ የሚያጠፋት መሐል ላይ ያለ እጅግ ትንሽ ክፍል ብቻ በመሆኑ፣ ተጫዋቹ የጥይቶቹን አሰላለፍ ገና ከላይ ሳሉ ማንበብ ይጠበቅበታል። እርግጥ ቁመታም ጌም ሁሉ በዚህ ምክንያት ቁመታም አልሆነም፤ «ፓክ-ማን» (1980) ከላይ የሚወርድበት ነገር የለም።

እነዚህ ሥራዎች ወደ አግድም ስክሪን ሲዛወሩ የሚደርስባቸው ጉዳት ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ ሁለቱን መለየት ይገባል። ለቤት ማጫወቻ የተዘጋጀው ቅጂ ሜዳውን ለአግድም ስክሪን በአዲስ መልክ ሲያሳጥረው የሚቀነሰው የመወሰኛ ጊዜው ራሱ ነው። ምስሉ ሳይነካ በግራና በቀኝ ጥቁር ባዶ ቦታ ሲተውለት ግን ጊዜው ባለበት ይቆያል፤ የሚጎዳው መጠኑ ነው። ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ፒክስል በሆነ የተለመደ ሞኒተር ላይ ሦስት ለአራት የሆነ ጌም 810 በ1080 ብቻ ይይዛል፣ ይህም ከስክሪኑ 42 በመቶ ገደማ ነው፤ ያው ሞኒተር በቁሙ ሲዞር ምስሉ 1080 በ1440 ሆኖ 75 በመቶውን ይሞላል። ትሬዠር የተባለው ኩባንያ በ2001 ለአርኬድ የሠራው «ኢካሩጋ» በቀጣዩ ዓመት ድሪምካስት ለተባለው የቤት ማጫወቻ ሲወጣ ምስሉን የማዞር ምርጫ መያዙ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ይህን ጉዳት እንደ ቀላል እንዳላዩት ያመለክታል።

ብዙም የማይነሳው ሌላው ልዩነት ምስሉ የሚሣልበት አቅጣጫ ነው። በጎኑ በተገጠመው ቱቦ ላይ ጨረሩ መስመሮቹን በቁም እያሠመረ ምስሉን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲጨርስ፣ የዛሬው ሞኒተር በአግድም እያሠመረ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ስለሆነም በአግድም ሞኒተር ላይ የመጀመሪያውን መስመር ለማሳየት የጌሙ የመጨረሻ ዓምድ አስቀድሞ መታወቅ ስላለበት፣ ሙሉው ምስል እስኪጠናቀቅ መጠበቅ ግድ ይሆናል፤ በሰከንድ 60 ምስል ለሚያሳይ ማሽን ይህ ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። የአሮጌ ማሽንን አሠራር በኮምፒውተር የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች፣ ማለትም ኢሙሌተሮች፣ በአብዛኛው ሙሉ ምስል አዘጋጅተው ስለሚልኩ ልዩነቱ እምብዛም አይታይባቸውም፤ የአሮጌውን ማሽን ወረዳ በቺፕ ላይ መልሰው በሚሠሩና መስመሩን እንደ ተሠራ በሚያሳልፉ መሣሪያዎች ግን ሞኒተሩን በእጅ ማዞር ምስሉን በሒሳብ ከማዞር ይፈጥናል።

ማዞር የራሱ ዋጋ አለው። ቲኤን በተባለው የኤልሲዲ ዓይነት ከላይና ከታች ሲታይ ቀለም የሚያዛባው ጉድለት ሞኒተሩ ሲዞር ወደ ጎን ስለሚዛወር፣ የግራና የቀኝ ዓይን ያንኑ ቀለም በተለያየ ድምቀት ሊያዩት ይችላሉ፤ አይፒኤስ የተባለው ዓይነት በዚህ ረገድ እጅግ የተሻለ ነው። የካቶድ ቱቦን በጎኑ ማድረግ ደግሞ የሙቀት መውጫውን ከማዛባቱም በላይ ከምድር መግነጢሳዊ መስክ አንጻር ያለውን አቀማመጥ ስለሚለውጥ ቀለሙን ሊያበላሽ ይችላል።

ከዚህ የሚከብደው ግን የምስሉን የወርድና የቁመት ምጣኔ መመለስን ሥራውን በሙሉ እንደ መመለስ መቁጠሩ ነው። የ«ስፔስ ኢንቬደርስ» ምስል በመጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቀለሙ ስክሪኑ ላይ ከተለጠፈ ባለቀለም ፕላስቲክ የመጣ ሲሆን፣ በአሜሪካ ሚድዌይ የተባለው ኩባንያ ባከፋፈለው፣ ተጫዋቹ ቆሞ በሚጫወትበት ሣጥን ውስጥ ደግሞ ምስሉ በመስተዋት ተንጸባርቆ በተሣለ የጨረቃ ገጽታ ላይ ያርፍ ነበር። ኒኮላ ሳልሞሪያ በ1997 የጀመረው «ሜም» የተባለው ኢሙሌተር እንዲህ ያሉ የሣጥን ሥዕሎችን በምስሉ ዙሪያና ኋላ እንዲታዩ ማድረግ ይችላል፤ ለጎን ሥዕሎቹ ሰፊ ቦታ የሚተርፈው ግን ሞኒተሩ በአግድም ሲቀመጥ ነው።