ደሰኮረ

እንደ «ዲስኩር» የምወደው የውሰት ቃል የለም። ፈረንሳዮች ንግግርን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ ድምፁን እንኳ ሳንነካ ወሰድነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ፈረንሳይኛ የአዲስ አበባ ምሁር መለያ ነበርና አይገርምም። የሚገርመው አማርኛ ያደረገው ነው፦ ደ፣ ሰ፣ ከ፣ ረን ፈልቅቆ ልክ እንደ «መሰከረ» ግስ አወጣለት። ደሰኮረ፣ ይደሰኩራል፣ ደስኳሪ! ስላቅም አለበት፤ ደሰኮረ ስንል ብዙ ጊዜ ነፋው ማለታችን ነው።

ስብሰባ ላይ ደስኳሪው ማይኩን መታ መታ አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ከሁሉ አስቀድሜ» ይላል። አርባ ደቂቃ ቆይቶ «ባጭሩ» ሲል ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ነጠላቸውን እያጣፉ፣ «ይደስኩር እንግዲህ!» ብለው ቡናቸውን ፍለጋ ይወጣሉ።