«የሳንባ ነቀርሳ» የትኛው በሽታ ነው? ስለ ሳንባ ካንሰር ምልክቶች የአማርኛ አገላለጽ የቀረበ ሒስ

በአማርኛ በሚዘጋጁ የጤና ጽሑፎች አንድ ሐረግ ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ሲያመለክት እናገኛለን። ይኸውም «የሳንባ ነቀርሳ» የሚለው ነው። በአገር ቤት የጤና አገልግሎት ጸንቶ የቆየው ትርጉሙ ቲቢ ነው፤ ሮበርት ኮኅ በ1882 እ.ኤ.አ. ባገኘው ባክቴሪያ ምክንያት የሚመጣው፣ በትንፋሽ የሚተላለፈውና በመድኃኒት የሚድነው በሽታ ማለት ነው። ይሁን እንጂ «የጡት ነቀርሳ»፣ «የማሕፀን ነቀርሳ» በምንልበት ጊዜ በአእምሯችን የሚመጣው ካንሰር ነው። ሙስናን «የኅብረተሰብ ነቀርሳ» ብሎ የሚያወግዝ ተናጋሪም የሚያስበው ውስጥ ለውስጥ እየበላ የሚስፋፋውን ሕመም እንጂ ቲቢን አይደለም። እንግዲህ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይዞ የሚሠራ ተርጓሚ «ጡት» በነበረበት «ሳንባ»ን ቢተካ፣ በሰዋስው ረገድ አንዳች ጥፋት ሳይፈጽም፣ አንዱን በሽታ በሌላው ስም ጠርቶ ያርፋል።

ስሕተቱ የከፋ የሚሆነው ሁለቱ በሽታዎች በአንድ በር ስለሚገቡ ነው። ሳል፣ ክሳት፣ ድካም፣ የደረት ውጋት፣ ደም የቀላቀለ አክታ የሁለቱም ምልክቶች ናቸው። ሕመምተኛው በመጀመሪያ ደረጃ የጤና ተቋም ቀርቦ «አባቴ የሞተው በሳንባ ነቀርሳ ነው» ቢል፣ በመካከል የቆመው አስተርጓሚ ከሁለቱ የትኛውን መዝግብ ይላል? በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ይህ ጥያቄ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ካንሰር አለበት የተባለ ሰው ቤተሰቡ ኩባያውን ይለይበታል፤ ቲቢ ያለበት ሰው ደግሞ መዳን የሚችል ሆኖ ሳለ የሞት ፍርድ የሰማ ይመስለዋል።

እኛ የምንደግፈው «ካንሰር» ለካንሰር፣ «ቲቢ» ለቲቢ እንዲሆን፣ «የሳንባ ነቀርሳ» የሚለው ሐረግ ግን ከአዳዲስ ጽሑፎች ጨርሶ እንዲወጣ ነው። ለአገር በቀል ቃል የሚቆረቆሩ ባልደረቦቻችን ይህን ላይወዱት ይችላሉ፤ እኛም ብንሆን «ነቀርሳ»ን ስንተው ደስ ብሎን አይደለም። ነገር ግን አገር በቀሉ ቃል ከባዕዱ ሊመረጥ የሚገባው አንድን ነገር ነጥሎ መሰየም ሲችል ነው፤ ይህኛው ግን በሳንባ ላይ ሲደርስ አይችልም። «ካንሰር» በላቲን ሸርጣን ማለት መሆኑን የሚያስታውስ እንግሊዛዊ ጥቂት ነው። ከጣልያንኛ የመጣውን «ራጅ»ም ዛሬ ባዕድ ነው የሚል ባላገር አናገኝም።

ከስያሜው ወደ ምልክቶቹ እንለፍ። ለመፈተኛ ያህል የመረጥነው የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤናና የክብካቤ ልቀት ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ካንሰር የሚጠረጠርባቸውን ሕመምተኞች ስለ መለየት ያወጣውን መመሪያ ነው። በመመሪያው መሠረት ዕድሜው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ከስድስት ምልክቶች ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ምክንያታቸው ሳይታወቅ ከታዩበት በ2 ሳምንት ውስጥ የደረት ራጅ እንዲነሣ ይደረጋል፤ ሲጃራ አጭሶ የሚያውቅ ከሆነ አንዱ ምልክት ይበቃል። ስድስቱ ሳል፣ ድካም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የደረት ሕመም፣ የክብደት መቀነስና የምግብ ፍላጎት ማጣት ናቸው።

ስድስቱን እንዲህ በስም ደርድሮ መተርጐም ለሐኪሙ ይበቃል፤ ለሕመምተኛው ግን አይበቃም። አማርኛ ሕመምን በስም ሳይሆን በግስ ይናገራል፤ የታመመውንም ሰው ተደራጊ ያደርገዋል። «ያስለኛል፤ ይደክመኛል፤ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ደረቴን ይወጋኛል፤ ምግብ ዘጋኝ» እንላለን። ከስድስቱ ሕመምተኛውን ባለቤት አድርጎ የሚቆመው «ከሳሁ» ብቻ ነው። «የምግብ ፍላጎት መቀነስ አለብዎት?» ተብለው የተጠየቁ እናት ቆም ብለው ያስባሉ፤ «ምግብ ዘግቶዎታል?» ቢባሉ ግን ወዲያው ይመልሳሉ።

«ክብደት መቀነስ» የተለየ ነቀፋ ይገባዋል። «ቀነሰ» ተሻጋሪም ኢተሻጋሪም ሆኖ የሚያገለግል ግስ ነው። «ክብደት ቀነሰች» ስንል ፈልጋ ያደረገችው ነው፤ «ክብደቷ ቀነሰ» ስንል ግን ሳትፈልግ የደረሰባት። በንዑስ አንቀጹ «ክብደት መቀነስ» ሲባል ይህ ልዩነት ይጠፋል። በዘመናችን ክብደት መቀነስ የሚመሰገኑበት ነገር ሆኗልና አንባቢው ምልክቱን እንደ መልካም ዜና ሊወስደው ይችላል። «መክሳት» ግን እንዲህ አያሳስትም፤ «ከሳህ፣ ጠቆርህ» የተባለ ሰው መመስገኑ እንዳልሆነ ያውቃል።

«ምክንያቱ ያልታወቀ» የሚለውም ቅጽል ተገብሮ በመሆኑ አዋቂውን ይሰውርብናል። ያላወቀው ማን ነው? ሕመምተኛው ከሆነ፣ እርሱማ ምክንያቱን ዘወትር ያውቃል፤ ብርድ ነው፣ አቧራ ነው፣ የሥራ ብዛት ነው። መመሪያው ግን የሚለው፣ ሐኪሙ ታሪኩን ጠይቆ፣ አካሉን መርምሮ፣ በደረጃው የሚቻለውንም ምርመራ አድርጎ የሕመሙን ምንነት ለመወሰን ያልቻለበትን ምልክት ነው። ስለዚህ «በመጀመሪያው ምርመራ ምክንያቱ ያልተገኘለት» ብንል፣ ቃሉ ቢረዝምም፣ ኃላፊነቱን በተገቢው ሰው ትከሻ ላይ እናኖራለን።

«አጭሶ የሚያውቅ» ያልነውም በዋዛ አይደለም። በብዙ ቅጾች የሚገኘው «ያጨሳሉ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት የተወ ሰው በሙሉ ልቡ «አላጨስም» ይላል፤ አልዋሸምም። አማርኛችን «-ቶ ያውቃል» የሚል ለዚህ የተመቸ አነጋገር እያለው፣ ጥያቄውን በአሁን ጊዜ ግስ ማቅረብ ስንፍና ነው። ከ«ሲጃራ»ም ጋር «ጋያ»ንና «ሺሻ»ን ጨምሮ መጠየቅ ይገባል፤ ጋያ የሚስቡ ሽማግሌ ሲጃራ አጭሰው አያውቁምና።

ስለ ሳል ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ «የቆየ» ለሚለው ቃል ግን ቁጥር ይሰጠው። በኢትዮጵያ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ለቲቢ ያስመረምራል፤ በእንግሊዝ አገር በ2012 እ.ኤ.አ. በተደረገው የካንሰር ቅስቀሳ ሕዝቡ ወደ ሐኪም እንዲሄድ የተነገረው ሳሉ 3 ሳምንት ሲሞላው ነው። ለአንዱ ሰው የቆየ የሚባለው የአራት ቀን፣ ለሌላው የአንድ ክረምት ነውና።

ከሁሉም ይልቅ አደገኛ ሆኖ ያገኘነው «ደም መትፋት» ነው። በመመሪያው ከሳል ጋር የሚወጣ ደም ከስድስቱ ተለይቶ የቆመ ነው፤ ዕድሜው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ምክንያቱ ሳይታወቅ ይህ ከታየበት፣ ሌላ ምልክት ሳይጠበቅ፣ ካንሰር እንደሚጠረጠርበት ተቆጥሮ ወደ ልዩ ሐኪም ይላካል። በእኛ ንግግር ግን «ደም ተፋሁ» የሚል ሰው ከሳንባው ይሁን፣ ከጨጓራው ይሁን፣ ከድዱ ይሁን አይታወቅም። «ስስል ደም ይወጣል»፣ «አክታዬ ደም ቀላቅሏል»፣ «ደም አስታወከኝ» የሚሉት ሦስት አነጋገሮች ተለያይተው በቅጹ ላይ ሊቀርቡ ይገባል። የሚያስፈልጉት ቃላት ሁሉ ያሉን ናቸው፤ አዲስ የሚፈጠር የለም።

የጣት ጫፍ ማበጥን እንግሊዝኛው በዱላ መስሎ ይጠራዋል፤ ምስሉን ተከትሎ ዱላውን ወደ አማርኛ ማምጣት አያሻም። በአንገት ሥር ለሚያብጠው ደግሞ «ንፍፊት» የሚለው የሕዝብ ቃል «ዕጢ» ከሚለው ይሻላል፤ «ዕጢ» ጤናማውን የአካል ክፍልም በሽተኛውን እባጭም ስለሚጠራ።

በመጨረሻ የምንደርሰው ወደ ውጤቱ አነጋገር ነው። በራጁ ላይ ምንም ሳይታይ ሲቀር «ነፃ ነዎት» ማለት ተለምዷል። ቃሉ የፍርድ ቤት ቃል ነው፤ ተከሳሽን አሰናብቶ መዝገቡን ይዘጋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሳንባ ካንሰር ካለባቸው 5 ሰዎች በአንዱ ገደማ የደረት ራጅ በሽታውን ሳያሳይ እንደሚቀር ጥናቶች አመልክተዋል፤ ምልክቱ ካልተወ ሲቲ ስካን ሊያስፈልግ ይችላል። ተርጓሚው «ነፃ»ን በጻፈ ጊዜ ሐኪሙ ያልሰጠውን ዋስትና ሰጥቷል። «በራጁ ላይ የታየ ነገር የለም» ቢባል የታየውን ብቻ ይናገራል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የስንብት ቃልም ተመሳሳይ ጉድለት አለበት። «ካልተሻልዎ ይመለሱ» በእኛ ልማድ «እግዜር ይማርዎ» ከሚለው ጎን የሚቆም የደግነት ንግግር ነው፤ ሰሚው ቀጠሮ አድርጎ አይወስደውም። ሐኪሙ ቀጠሮ ማለቱ ከሆነ አማርኛው ቀኑን ይጥራ፦ «ሳሉ እስከ ሦስት ሳምንት ካልተወዎት፣ ራጁ ምንም ባያሳይም፣ ተመልሰው ይምጡ፤ ሌላ ምርመራ እናደርጋለን።»