ስለ ደጋፊ ግንብና ስለ ውሃ መውረጃ

በተዳፋት ቦታ ለሚሠራ ሕንፃ የሚቀርበው የአፈር ጥናት ብዙ ጊዜ የሚደክመው የደጋፊውን ግንብ ውፍረት ለመወሰን ነው። የውሃው ነገር ግን «ቀዳዳ ይተውለት» በሚል አንድ መስመር ይታለፋል። ይህ ልማድ ሊነቀፍ ይገባዋል።

ምክንያቱ በሂሳብ ይታያል። ኩሎም በ1776፣ ራንኪን በ1857 እ.ኤ.አ. ያወጡት ስሌት የአፈሩን ግፊት ይነግረናል፤ የውሃውን ግፊት ለይቶ መደመር ግን የመሐንዲሱ ፈንታ ነው። ቁመቱ 3 ሜትር የሆነውን ግንብ፣ ውሃው የወጣለት አሸዋማ አፈር በያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 2.7 ቶን ያህል ይገፋዋል። ያው አፈር እስከ አፉ ውሃ ሲሞላ ግፊቱ 6 ቶን ይደርሳል፤ ከዚሁም 4.5 ቶኑ የውሃው ብቻ ነው። እንግዲህ ግንቡን ከማወፈር ውሃውን ማስወጣት ይቀድማል።

ቀዳዳውም ብቻውን አይበቃም፤ ከበስተኋላው የተመረጠ ጠጠር ካልተደረገለት ጭቃ ይደፍነዋል። በአዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ደግሞ ውሃ በቀላሉ አያሳልፍም፤ በክረምት ሲያብጥም ራሱ ይገፋል። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ከቁፋሮ የወጣውን ዋልካ መልሶ ከግንቡ ኋላ መሙላት ስለዚህ ቁጠባ አይባልም።

ጥናት አቅራቢው ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ በየት እንደሚወጣና ወዴት እንደሚወርድ በሥዕል ያሳይ። ወደ ጎረቤት ግቢ የተለቀቀ ውሃ ችግሩን አዛወረው እንጂ አላስወገደውም።