ያረጀ የሚመስል አዲስ ሰዓት፦ የጠላቂዎች ሰዓት ዳግም እትሞች ምኑን ነው የሚቀዱት?

አንድ ሰዓት ላሳያችሁ። ብላንፓ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ በ2021 «ፊፍቲ ፋዘምስ ኖ ራድ» የተሰኘ የእጅ ሰዓት 500 ፍሬ ብቻ አመረተ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሰዓቱ ፊት ጥቁር ነው። ከ6 ቁጥር ቦታ ከፍ ብሎ የጨረር ምልክት አለ፤ በቀይ ኤክስ ተሰርዟል። «እኔ ውስጥ ጨረር የለም» ማለቱ ነው። በጨለማ የሚያበሩት ነጥቦችና ቆጣሪዎች ደግሞ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቡናማ ናቸው። የዚህ ቀለም የገበያ ስሙ ምን መሰላችሁ? «ያረጀ ሬዲየም»።

እስቲ አስቡት። በአንድ ፊት ላይ «ሬዲየም የለብኝም» የሚል ምልክት አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ያረጀ ሬዲየም እንዲመስል ሆን ተብሎ የተቀባ ቀለም። ምልክቱ በ1960ዎቹ ቁም ነገር ነበረው። ያኔ ሰዎች ሬዲየምን መፍራት ጀምረው ስለነበር፣ ኩባንያው ለጠላቂዎች «ይሄኛው ንጹሕ ነው» ማለት ነበረበት። ዛሬ ግን ማንን ነው የሚያረጋጋው?

በነገራችን ላይ እኔ ጠላቂ አይደለሁም፤ የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። እነዚህን ሰዓቶች የምወዳቸው ግልጽ ለሆነ ችግር የተሰጡ ግልጽ መልሶች ስለሆኑ ነው። የመጀመሪያው ፊፍቲ ፋዘምስ በ1953 ሲወጣ የኩባንያው ኃላፊ ዣን-ዣክ ፊሽቴር ራሱ ጠላቂ ነበር፤ የፈረንሳይ ጦር የውሃ ውስጥ ተዋጊዎችም እንዲህ ዓይነት መሣሪያ እየፈለጉ ነበር። ፋዘም የባሕረኞች የጥልቀት መለኪያ ነው፤ 50ው 91 ሜትር ገደማ ይሆናል። ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ጊዜውን ካላወቀ ሁለት ነገር ይገድለዋል። አንደኛው የሲሊንደሩ አየር ማለቅ ነው። ሁለተኛው በግፊት ምክንያት ደሙና ሕብረ ሕዋሱ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ነው፤ ሰውየው ብዙ ቆይቶ በድንገት ወደ ላይ ከወጣ፣ ልክ ተነቅንቆ እንደተከፈተ የአምቦ ውሃ አረፋ ይሆናል። ስለዚህ ሰዓቱ ጌጥ አልነበረም። በጨለማ መነበብ ነበረበት።

እዚህ ጋ ወደ ቡናማው ቀለም እንመለስ፤ የኔ ቅሬታ ያለው እሱ ላይ ነውና።

የድሮው የሚያበራ ቀለም ሬዲየም ከዚንክ ሰልፋይድ ጋር የተቀላቀለበት ነበር። ከሬዲየሙ የሚወጡት የአልፋ ቅንጣቶች የዚንክ ሰልፋይዱን ክሪስታል ሲመቱት ብርሃን ይሰጣል። ችግሩ፣ ምቱ ክሪስታሉን ራሱን ያበላሸዋል። የሬዲየም ግማሽ ዕድሜ 1600 ዓመት ገደማ ነው፤ ቀለሙ ግን በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ማብራቱን ያቆማል። ጨረሩ አለ፣ ብርሃኑ የለም! በኋላ የተተካው ትሪቲየም ደግሞ ግማሽ ዕድሜው 12.3 ዓመት ብቻ ነው። 60 ዓመት ግድም የሞላው የትሪቲየም ሰዓት 5 ጊዜ ተጋምሷል፤ የቀረው ከመጀመሪያው 3 በመቶ ያህል ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ቀለሙ ከጊዜ ብዛት ይጠቁራል፣ ቡናማ ይሆናል። በአጭሩ፣ ሰብሳቢዎች የሚወዱት ያ ሞቅ ያለ ቡናማ የሞተ መብራት ቀለም ነው።

ዛሬ ያለው የሚያበራ ቀለም ሌላ ዓይነት ነው። የጃፓኑ ኔሞቶ ኩባንያ በ1993 ይፋ ያደረገው የስትሮንሺየም አሉሚኔት ዘር ሲሆን፣ ጨረር የለውም፤ ከፀሐይ ወይም ከአምፖል ብርሃን ይጠጣና ለሰዓታት መልሶ ይሰጣል። ይህን አሮጌ ለማስመሰል ቡናማ ማቅለሚያ ሲጨመርበት ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ማቅለሚያው ብርሃን ሲገባም ይበላል፣ ሲወጣም ይበላል። ቡናማው ካልተነካካው አረንጓዴማ ቀለም ይልቅ ደብዘዝ ይላል። ኦሜጋም በ2017 የ1957ቱን ሲማስተር 300 ዳግም ሲያወጣ የድሮውን ሰዓት በዲጂታል ስካን ልኬቱን ወስዶ፣ አስደናቂ በሆነ ጥንቃቄ ቀድቶ፣ መጨረሻ ላይ ቡናማ ቀባው። በ1957 ከሱቅ የወጣው አዲሱ ሰዓት ግን ቡናማ አልነበረም። ታዲያ የተቀዳው የቱ ነው? ሰዓቱ ነው ወይስ እርጅናው?

አንድ ነገር ልጨምር። ከቀለሙ እኩል የሚያረጅ ሌላ ነገር አለ፤ ውሃ እንዳይገባ የሚከላከለው የጎማ ቀለበት። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የ60 ዓመት የደረቀ ጎማ አስመስሎ የሠራ ኩባንያ ግን እስካሁን አላየሁም። እርጅናው የሚመረጠው በመስታወት በኩል በሚታየው ላይ ብቻ ነው።

«ምን ችግር አለው፣ ዛሬ ጠላቂው ኮምፒውተር አስሮ ነው የሚገባው፤ ሰዓቱ ጌጥ ነው» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ይሁን። ግን ጌጥ ከሆነ ለምን «300 ሜትር» ተብሎ ይሸጣል? ለጠላቂ ሰዓት የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይሶ 6425፣ ሰዓቱ ከተጻፈበት ግፊት በ25 በመቶ በሚበልጥ ግፊት እንዲፈተን ያዛል፤ በጨለማ ከ25 ሴንቲሜትር ርቀት እንዲነበብም ያዛል። ግፊቱን እንደ መሣሪያ፣ ብርሃኑን እንደ ጌጥ ማየት አያስኬድም።

ግን እኮ አለመታመንም አንዳንዴ ትክክል ይሆናል። ሴይኮ በ1965 የጃፓንን የመጀመሪያ የጠላቂ ሰዓት ሠራ፤ ሰብሳቢዎች «62ማስ» ይሉታል። በመስታወቱ ዙሪያ የሚዞረው ቀለበት ላይ አንድ ምልክት አለ። ስትጠልቁ ምልክቱን ከደቂቃ ቆጣሪው ፊት ታደርጉታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ቀለበቱ ላይ ታነባላችሁ። የድሮው ቀለበት ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይዞር ነበር። ውሃ ውስጥ ድንጋይ ቢነካውና ወደ ቀኝ ቢዞር ያለፈውን ጊዜ አሳንሶ ያሳያል፤ «ገና ነው» ብላችሁ ትቆያላችሁ፣ አየር ያልቃል። ወደ ግራ ከዞረ ግን ጊዜውን አብዝቶ ስለሚያሳይ ቢበዛ ቶሎ ትወጣላችሁ። በ2017 በወጣው ዳግም እትም ቀለበቱ ወደ ግራ ብቻ ነው የሚዞረው፤ የጥልቀት መጠኑም ከ150 ወደ 200 ሜትር አድጓል። ሲበላሽ ወደ ደኅናው ጎን እንዲበላሽ ተደረገ። ለኔ ይሄ የድሮዎቹን መሐንዲሶች ከቡናማ ቀለም የበለጠ ያከብራቸዋል፤ ዛሬ ቢኖሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነበርና።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ዶክሳ ነው። የ1967ቱ ብርቱካናማ ሰብ 300 ቀለበቱ ላይ የአሜሪካን ባሕር ኃይል ሰንጠረዥ ተሸክሟል፤ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ ቆይታችሁ መንገድ ላይ ሳትቆሙ መውጣት እንደምትችሉ ይነግራችኋል። በ60 ጫማ (18 ሜትር) 60 ደቂቃ፣ በ100 ጫማ (30 ሜትር) 25፣ በ130 ጫማ (40 ሜትር) 10። ባትሪ የሌለው ኮምፒውተር ማለት ነው፤ ንድፉን ሳየው እስከ ዛሬ እቀናለሁ። ዶክሳ ከ50 ዓመት በኋላ መልሶ ሲሠራው ቀለበቱን አልለወጠም። ለመዝናኛ ጠላቂዎች የተዘጋጀው የፓዲ ሰንጠረዥ ግን ለ100 ጫማ የሚሰጠው 20 ደቂቃ ነው። የአምስት ደቂቃ ልዩነት! ደግሞም ቀለበቱ የቀኑን የመጀመሪያ ጥልቀት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ከምሳ በኋላ ሁለተኛ ብትገቡ፣ ሰውነታችሁ ውስጥ የተረፈውን ናይትሮጅን አይቆጥርም። እንደ ታሪክ ሰነድ እወደዋለሁ። ክንዴ ላይ አስሬው 30 ሜትር ብወርድ ግን አላምነውም።

ሰዓት ሱቅ የመግባት ዕድል ካገኛችሁ ይህን ሞክሩ። ቡናማ ነጥብ ያለውንና አረንጓዴማውን ጎን ለጎን አምፖል ሥር አንድ ደቂቃ አቆዩአቸው፣ ከዚያ በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ በጣቶቻችሁ መሃል አጮልቁ። ቡናማው ቀድሞ ከደበዘዘ፣ ሻጩን ለምን እንደሆነ ጠይቁት። ቀለበቱንም ወደ ቀኝ ለማዞር ሞክሩ።