«በስበት የተሠራ ሥራ»፦ ስለ አንድ የፊዚክስ ሐረግ አተረጓጎም

ፊዚክስን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቃል በቃል ከሄደ «በሚንቀሳቀስ አካል ላይ በስበት የተሠራ ሥራ» የሚል ሐረግ ያወጣል። ከቃላቱ አንዱም እንግዳ አይደለም፤ ሐረጉ ግን ለአማርኛ ጆሮ አይገባም። «በድንጋዩ ላይ ሥራ ተሠራ» ሲባል ሰሚው የሚያስበው ድንጋዩ መጠረቡን ነው። «በስበት» የሚለውም ስበት ሠሪው ይሁን መሣሪያው አይለይም፤ «በመዶሻ የተሠራ» እንላለንና።

«ስበት» ራሱ መልካም ቃል ነው። ከግዕዙ ሰሐበ ጋር የሚዛመደው «ሳበ» ግሱን ከነቤተሰቡ ይዞ ይመጣል። ታዲያ ግሱን ሥራ ማስፈታት ለምን ያስፈልጋል? «መሬት ድንጋዩን ስትስብ የምትሠራው ሥራ» ብንል፣ ሳቢዋ በባለቤትነት፣ ተሳቢው በ«ን» ተለይተው ይታወቃሉ፤ «ላይ» የሚለውም ይቀራል።

የሚያስቸግረው «ሥራ» ነው። በአያት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች አንድ የጉልበት ሠራተኛ 50 ኪሎግራም ሲሚንቶ ተሸክሞ 9 ሜትር ወደ ላይ ወጣ እንበል። ስበት በከረጢቱ የሠራው ሥራ 50 በ9.8 በ9 ተባዝቶ፣ አቅጣጫው ተቃራኒ ስለ ሆነ፣ −4,410 ጁል ይሆናል። ከመኪናው እስከ ደረጃው በሜዳ ሲሄድ ደግሞ ስበት የሠራው ሥራ ዜሮ ነው፤ የሰውዬው ላብ ምንም ያህል ይውረድ። ይህን «አሉታዊ ሥራ» ብሎ መተርጐም ክፉ ምግባር ያስመስለዋል። በእኛ አስተያየት «ነጌቲቭ ሥራ» ይሻላል፤ ምልክትን እንጂ ጠባይን አያመለክትም። የግዕዙን «ግብር» እናንሣ የሚል ቢኖር፣ ስበት ለመንግሥት የሚከፍል ይመስላል።

የ«ኃይል»ና የ«ጉልበት» ነገርም መልክ ሊይዝ ይገባል። መኪናን በፈረስ ጉልበት እንለካለን፤ ኤሌክትሪክን ግን መብራት ኃይል እንላለን፤ ሁለቱም አንዱን ጽንሰ ሐሳብ፣ ሥራ የሚሠራበትን ፍጥነት ይነካሉ። «የስበት ኃይል» የሚለው አነጋገር ሥር ስለ ሰደደ፣ «ኃይል» ለሳቢው ወይም ለገፊው፣ «ጉልበት» ሥራ ለመሥራት ለሚያስችለው፣ «አቅም» ለሥራው ፍጥነት ቢሰጡ እንመርጣለን። «የፈረስ ጉልበት» ግን የተለመደ ስም ነውና አይነካ።

ጉዳዩ የስሌትም ነው። በገበያ «ክብደቱ 50 ኪሎ ነው» ይባላል። በፊዚክስ 50 ኪሎግራም መጠነ ቁስ ሲሆን፣ ክብደቱ 490 ኒውተን ነው። ተርጓሚው «ክብደት በከፍታ ይባዛል» ብሎ ሁለቱን ካልለየ፣ ተማሪው 50ን በ9 አባዝቶ 450 ይላል፤ ከእውነተኛው መጠን አሥር እጅ ያህል ያነሰ መልስ።

«በተጓዘው ርቀት ይባዛል» የሚለው ደግሞ ይብሳል። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት በጠመዝማዛው አስፋልት ብትመጣ ወይም በአቋራጩ ብትወርድ፣ መነሻዋና መድረሻዋ አንድ ከሆነ ስበት በእንጨቱ የሠራው ሥራ እኩል ነው። ሸክሙ 30 ኪሎግራም፣ የከፍታው ልዩነት 400 ሜትር ቢሆን፣ በሁለቱም መንገድ 117,600 ጁል ይወጣል። «የተጓዘው ርቀት» ግን አስፋልቱን የመረጠችውን ሴት ሥራ ያለ አግባብ ያበዛዋል። ስለዚህ በዚህ ስሌት «ርቀት» ተትቶ «የከፍታ ልዩነት» መባል አለበት፤ ቃሉ ቢረዝምም።