ስለ ባሕር ዳር አሸዋና ስለ ሜቴን በቀረበው ጥናት ላይ የተሰጠ ሂስ

ሜቴን ከየት ይወጣል ተብሎ ሲጠየቅ ተማሪ ሁሉ ረግረግንና ጥቍር ጭቃን ይጠራል እንጂ የባሕር ዳር አሸዋን የሚጠራ የለም። ምክንያቱም ማዕበል ኦክሲጅን ያለበትን ውሃ በአሸዋው መካከል ዘወትር ያመላልሳል፤ ሜቴን የሚሠሩት ረቂቃን ነፍሳት ደግሞ ኦክሲጅን አይችሉም ይባላል።

በአውስትራልያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትና ባልደረቦቻቸው በ2025 እ.ኤ.አ. በኔቸር ጂኦሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህን አሳብ ይቃወማል። ከአውስትራልያና ከዴንማርክ ጠረፍ የተወሰደውን አሸዋ መርምረው፥ ነፍሳቱ ኦክሲጅን ከነካቸው በኋላ ፈጥነው ሥራቸውን እንደሚቀጥሉ አሳይተዋል። ምግባቸውም የባሕር አረምና የባሕር ሣር ሲበሰብስ የሚለቀው ሜቲል ያለበት ውሕድ ነው። ከአህጉሮች ጠረፍ ወለል ግማሽ ያህሉ አሸዋ ስለ ሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም፤ በግምት ሲታለፍ የኖረውን ለክተው ማቅረባቸውም ያስመሰግናል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር አዲስ ነው ማለት አይገባም። ሰልፌት በሞላበት የባሕር ደለል ውስጥ እንኳ ሜቲል ያለባቸው ውሕዶች ለሜቴን ሠሪዎቹ እንደሚተርፉ ኦረምላንድና ፖልሲን በ1982 እ.ኤ.አ. አስረድተው ነበር። አዲሱ ነገር ኦክሲጅንን መቋቋማቸው ነው።

ዋናው ተቃውሞዬ ሌላ ነው። በጠርሙስ ውስጥ የተናጠ አሸዋ የነፍሳቱን ችሎታ ይነግረናል እንጂ ወደ አየር የሚወጣውን ልክ አይነግረንም፤ ከጠርሙስ ውጭ ውሃው ይፈሳል፥ ሜቴን የሚበሉ ሌሎች ነፍሳትም በመንገድ ይጠብቁታል። የባሕር አረምም በየጠረፉ እኩል አይከመርም፤ ዐውሎ ነፋስ ባለፈበት ሰሞን ይበዛል፥ በሌላው ጊዜ አሸዋው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ከጥቂት ቦታ የተገኘውን ቍጥር በዓለም አሸዋ ሁሉ የሚያባዛ አንባቢ ይሳሳታል።

ይህን ያህል የምከራከረው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የባሕር አረም እያለሙ ካርቦንን ከአየር እናስወግዳለን የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አንድ ኪሎ ሜቴን በመቶ ዓመት ውስጥ 27 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል፤ በአተም ሲታሰብ ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። እንግዲህ አረሙ ከያዘው አሥር የካርቦን አተም አንዱ ሜቴን ሆኖ ቢያመልጥ፥ የተቀሩት ዘጠኙ ቢቀበሩ እንኳ ጥቅማቸው ይጠፋል ማለት ነው። ከአሥር አንዱ ነው ወይስ ከሺህ አንዱ? ይህን የሚወስነው ጠርሙስ ሳይሆን፥ አረም በተከመረበትና ባልተከመረበት ጠረፍ፥ ውሃው ሲሞላና ሲጎድል፥ ቀንና ሌሊት የሚደረግ ልኬት ነው።